ጮክ ያለው ዘፈን ዩቲዩብ ላይ ለምን ያንሳል?

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆኗል፤ ስቱዲዮ ውስጥ ዘፈን እያስተካከልኩ ነው። ዘፋኙ ከኋላዬ ሶፋው ላይ ተቀምጧል፤ ስልኩ እጁ ላይ ነው። የሌላ ሰው ዘፈን ከፈተ። ከዚያ የእኛን። ከዚያ እንደገና የሌላውን። "ወንድሜ፣ የኛ ያንሳል" አለኝ። "እስቲ ትንሽ ጨምርልኝ።"

ጨመርኩለት። ሊሚተሩን፣ ማለትም ድምፅን ጨምቆ ከፍ የሚያደርገውን መሣሪያ፣ ሁለት ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ገፋሁት። ራሱን ነቀነቀ፣ አዳመጠ፣ "አሁን መጣ፣ ግን ትንሽ..." አለ። ሌላ ሁለት ጨመርኩ። ሊነጋጋ ሲል ዘፈኑ ስክሪኑ ላይ የብሎኬት ግድግዳ መስሎ ነበር። ጫፍ የለው፣ ጎድጓዳ የለው፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወፍራም ነገር። ሁለታችንም ደስ ብሎን ተለያየን። በሳምንቱ ዘፈኑ ዩቲዩብ ላይ ወጣ። ማታውኑ ደወለ። "ወንድሜ፣ ምን አደረግከው? አሁንም ያንሳል እኮ!"

ልክ ነበር። ያንስ ነበር። ላፕቶፔን ከፍቼ ቪዲዮው ላይ ራይት ክሊክ አደረግኩና "ስታትስ ፎር ነርድስ" የምትለዋን ነካሁ። ጥቁር ሳጥን መጣ። ብዙ ቁጥር አለበት፤ የምፈልገው ግን አንዷን መስመር ነው። ቮሊውም 100 ከመቶ ይላል፤ ከጎኑ 44 ከመቶ፤ ከዚያ ኮንተንት ላውድነስ 7.1 ዴሲቤል። ሲተረጎም እንዲህ ማለት ነው፦ ዘፈንህ እኛ ከምንፈልገው በ7.1 ዴሲቤል በላይ ይጮሃል፤ ስለዚህ ወደ 44 ከመቶ አውርደን ነው የምናሰማው። ሌሊቱን ሙሉ የገፋነውን ዩቲዩብ በአንድ ማባዣ መለሰው። እኛ የጨፈለቅነው ከበሮ ግን አልተመለሰም።

ይቺን መስመር በኮምፒውተር ማንም ሊያያት ይችላል። የምትወዱትን ዘፈን ክፈቱና ሞክሩ። የአገራችንን አዳዲስ ክሊፖች ሳይ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ዴሲቤል የተቀነሰባቸው በየጊዜው ያጋጥሙኛል። ከእያንዳንዱ ጀርባ ሶፋ ላይ ተቀምጦ "ጨምርልኝ" ያለ ሰው ይታየኛል።

ጅራፍና ወፍጮ

ነገሩ የሚጀምረው "ይጮሃል" ስንል ምን ማለታችን ነው ከሚለው ነው። ቡሄን አስቡት። ልጁ ጅራፉን ሲያጮኸው ድምፁ ሰማይ ይነካል፤ ዓይን ሳይጨፈን ግን አለቀ። አሁን ደግሞ የሰፈሩን ወፍጮ ቤት አስቡት። ጅራፉን የሚያህል ጫፍ የለውም። ግን ጠዋት የተነሳ እስከ ቀትር አያቆምም፤ አጠገቡ ቆሞ ማውራት አይቻልም። የትኛው ነው የሚጮኸው ቢባል አብዛኛው ሰው ወፍጮውን ይላል። ፒክ ሜትር የሚባለው የስቱዲዮ መለኪያ ግን ጅራፉን ይላል። የሚያየው ጫፉን ብቻ ነዋ።

ዲጂታል ድምፅ ጣሪያ አለው፤ ዜሮ ዴሲቤል ይባላል። ከዚያ በላይ የሚጻፍበት ቁጥር የለም። ያለፈው ይቆረጣል፣ ይሰነጠቃል። ስቱዲዮ ውስጥ ሁሉም ነገር በአሉታዊ ቁጥር የሚጠራው ለዚህ ነው፤ -1፣ -6፣ -14 እያልን ከጣሪያው ምን ያህል እንደራቅን ነው የምንናገረው። ፒክ ሜትር ጣሪያውን እንዳንመታ ይጠብቀናል። ሥራው እሱ ነው። ጆሮ ምን እንደሚሰማው አይጠየቅም።

ጆሮ ደግሞ በቅጽበት አይፈርድም። የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ሰብስቦ ነው "ይሄን ያህል ጮኸ" የሚለው። የአሜሪካ የሬዲዮ ሰዎች ይህን ቀድመው ገብቷቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 የመጣው ቪዩ ሜትር ሆን ተብሎ መርፌው ሰነፍ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ድምፁ ላይ ለመድረስ 300 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። አሮጌ ቴፕ ሪከርደር ላይ እየተወዛወዘች የምታዩዋት መርፌ የዚህ ልጅ ናት። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።)

ሁለተኛው ጣጣ የድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ነው። በ1933 ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ ሃርቬይ ፍሌቸርና ዊልደን መንሰን ሰዎችን ቁጭ አድርገው ወፍራምና ቀጭን ድምፆችን እያሰሙ "የትኛው ላይ ነው እኩል የሚሰማህ?" እያሉ ጠየቁ። የወጣው ውጤት ዛሬም የዚህ ሙያ መሠረት ነው። ጆሮ ከ2 ሺህ እስከ 5 ሺህ ሄርትዝ (ቁጥሩ ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል) ባለው ክልል ስል ነው። የሕፃን ልቅሶ ጎልቶ የሚወጣውም እዚያው ሰፈር ነው፤ እናት ከእንቅልፏ ብትነቃ አይገርምም። ወደ ባስ ስንወርድ ጆሮ ይደነቁራል። በ40 ዴሲቤል የሚሰማ የ1 ሺህ ሄርትዝ ድምፅ ቢኖርና የ100 ሄርትዝ ድምፅ ከእሱ እኩል እንዲሰማ ቢፈለግ፣ ከ20 ዴሲቤል በላይ መጨመር አለበት። ድምፁን በጣም ከፍ ስታደርጉት ደግሞ ይህ ልዩነት ይጠባል። ቴፑን ስትለቁት ባሱ "የሚመጣው" ለዚህ ነው።

በገና የቀዳ ሰው ይህን መጽሐፍ ሳያነብ ያውቀዋል። በገና አሥር አውታር አለው፤ ወፍራም፣ ከአንጀት የተገመደ። ዋናው ድምፁ ታች ነው፣ ደረት ውስጥ የሚሰማ። ግን በገና ያለ ንዝረቱ በገና አይሆንም። አውታሩ በርኩማው ላይ ሲያርፍ በመካከል የምትገባ ቁራጭ ቆዳ አለች፤ እንዚራ ይሏታል። አውታሩ እሷን እየነካ "ዝዝዝ" ይላል። ያ ዝዝታ የሚኖረው ከዋናው ድምፅ ብዙ ከፍ ብሎ፣ ጆሮ ስል በሆነበት ሰፈር ነው። በስልክ ስፒከር በገና ስትሰሙ ታችኛው ድምፅ የለም ማለት ይቻላል፤ የሚደርሳችሁ ዝዝታው ነው። አእምሮ ከእሱ ተነስቶ የጎደለውን ወፍራም ድምፅ ራሱ ይሞላዋል።

እኔ ይህን ሳላውቅ በፊት አንድ አባት በገና ሲደረድሩ ቀዳሁና ዝዝታው ረበሸኝ። በኢኪው (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለይቶ በሚጨምርና በሚቀንስ መሣሪያ) ከ3 ሺህ ሄርትዝ አካባቢ ቆረጥ ቆረጥ አደረግኩት። ፒክ ሜትሩ ንቅንቅ አላለም። አባት ሰሙት፣ ዝም አሉ፣ ከዚያ "ልጄ፣ ነፍሱን አወጣህበት" አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሜትር ሳይ እሳቸው ናቸው ትዝ የሚሉኝ።

ጆሮን የሚኮርጅ ሜትር

ጆሮን የሚመስል መለኪያ የመጣው ዘግይቶ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2006 ቢኤስ 1770 የሚባል መመዘኛ አወጣ። ከጀርባው በካናዳ የጊልበርት ሱሎድሬና የባልደረቦቹ ጥናት አለ። አድማጮች የተለያየ ድምፅ ይሰጣቸዋል፤ ሙዚቃ፣ ድራማ፣ ስፖርት። ከአንድ የሴት ንግግር ጋር እኩል እስኪሰማቸው ድረስ ቮሊውሙን ራሳቸው ያስተካክላሉ። ከዚያ "የሰዎቹን ጆሮ በደንብ የሚገምተው የትኛው ቀመር ነው?" ተብሎ የተለያዩ ሜትሮች ተፈተኑ። የሚገርመው ቀላሉ ቀመር ረቀቅ ረቀቅ ያሉትን በለጠ።

አሠራሩን ላሳጥረው። ድምፁ መጀመሪያ በሁለት ማጣሪያ ያልፋል። አንዱ ከ100 ሄርትዝ በታች ያለውን ቀስ እያለ ይቀንሳል። ሌላው ከ2 ሺህ ሄርትዝ በላይ ያለውን እስከ 4 ዴሲቤል ያነሳል። ከዚያ ድምፁ 400 ሚሊሰከንድ ርዝመት ባላቸው፣ እርስ በርስ በሚደራረቡ ቁርጥራጮች ይከፈልና የእያንዳንዱ ጉልበት ይሰላል። ጸጥታው ይጣላል። አማካይ ይወጣል። ከዚህ አማካይ በ10 ዴሲቤል የሚያንሱት ቁርጥራጮችም ይጣሉና እንደገና አማካይ ይሰላል። የመጨረሻው ቁጥር አሃዱ ኤል ዩ ኤፍ ኤስ ነው፤ የስቱዲዮ ልጆች "ላፍስ" ይሉታል፣ እኔም እንደዚያው ልበለው።

ይቺ መጣል የምትባለው ነገር በኋላ፣ በ2011 ነው መመዘኛው ውስጥ የገባችው፤ ትንሽ ብትመስልም ጨዋታውን የቀየረች ናት። ባትኖር ኖሮ ብልጥ ሰው ዘፈኑ መሃል ረጅም ጸጥታ አስገብቶ አማካዩን ያወርድና የቀረውን እንደፈለገ ያስጮኽ ነበር። ለእኛ ሙዚቃም ትጠቅማለች። አንድ ደቂቃ በማሲንቆ ብቻ ተከፍቶ በኋላ ከበሮና ኪቦርድ የሚገባበትን ዘፈን አስቡ። ማሲንቆው በጣም ዝቅ ካለ ሜትሩ ይተወዋል፤ የሚፈርደው ዘፈኑ ዘፈን በሆነበት ቦታ ላይ ነው።

መጀመሪያ የተጠቀሙበት ሙዚቀኞች አይደሉም፤ የቴሌቪዥን ሰዎች ናቸው። ፊልሙ በሹክሹክታ እየሄደ ድንገት የሳሙና ማስታወቂያ ጆሮ ሲበጥስ ያልተበሳጨ ማን አለ? ማስታወቂያው ጣሪያውን አላለፈም፤ ወፍጮ ሆኖ ነው የመጣው፣ ፊልሙ ጅራፍ ሆኖ ሳለ። አውሮፓ በ2010 የቴሌቪዥን ድምፅ -23 ላፍስ ይሁን አለች። በዚያው ዓመት መጨረሻ አሜሪካ የእንደራሴ አና ኤሹን ሕግ አጸደቀች፤ ማስታወቂያ ከፕሮግራሙ በላይ እንዳይጮህ የሚከለክለው ሕግ ከታኅሣሥ 2012 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ኢንተርኔት ላይ የሚታየው ፊልም ግን ከሕጉ ውጭ ቀርቶ ነበር። ካሊፎርኒያ በ2025 እዚያም ላይ እንዲሠራ አዲስ ሕግ ፈረመች።

ስለዚህ በላፍስ ላይ የሚደረገው ክርክር የስቱዲዮ ልጆች ቁጥር መቁጠር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሕግ የወጣለት ጉዳይ ነው።

የጩኸት ውድድር

ሙዚቃ ውስጥ ፉክክሩ የቆየ ነው። ሲዲ ጣሪያ ይዞ መጣ። በ1994 ዌቭስ የተባለው ኩባንያ ኤል1 የሚባል ሊሚተር ሲያወጣ ደግሞ ጣሪያው ሥር ድምፅን ማሸግ በጣም ቀለለ። ሊሚተር የሚሠራው ቀላል ነገር ነው። ጅራፎቹን ቆርጦ ዝቅ ያደርጋል፤ ከዚያ ሁሉንም ወደ ላይ ይገፋል። ጫፉ ያው፣ አማካዩ ግን ከፍ ይላል። አንድ ሰው ገፋ። ጎረቤቱ አየና ከእሱ በላይ ገፋ። ሜታሊካ የተባለው የሮክ ባንድ በ2008 ያወጣው አልበም የዚህ ውድድር ምልክት ሆነ። አድናቂዎቹ ራሳቸው "ተሰነጠቀ" ብለው ፊርማ አሰባሰቡ። ያጋለጠው ደግሞ የቪዲዮ ጌም ነው፤ ጊታር ሂሮ ላይ የወጣው የዚያው አልበም ቅጂ ያን ያህል አልተጨፈለቀም ነበርና ሰው ሁለቱን አስተያየ።

ታዲያ ሰው ለምን ይገፋል? ጆሮ ስለሚታለል ነው። ይህን ጓደኛችሁ ላይ ሞክሩት። አንድ ዘፈን ሁለት ጊዜ አጫውቱለት፤ ሁለተኛውን በአንድ ዴሲቤል ብቻ ከፍ አድርጉና "የትኛው ሚክስ፣ የትኛው የድምፆች ቅልቅል ይሻላል?" በሉት። "ሁለተኛው ጥርት ይላል" የሚል መልስ ቢሰጣችሁ አትደነቁ። ድምፁ እንደጨመረ አይነግራችሁም፤ ጥራቱ የጨመረ ነው የሚመስለው። የኔ ዘፋኝ ያን ሌሊት ሲሰማ የነበረው ይህንን ነው። እኔም አብሬው።

ከዚያ ዩቲዩብና ስፖቲፋይ መጡና ጨዋታውን በሌላ በኩል ዘጉት። ስፖቲፋይ በተለመደው ሁኔታ ሁሉንም ወደ -14 ላፍስ ያመጣል። አፕል ሚውዚክ -16 አካባቢ ነው። ዩቲዩብም -14 አካባቢ ይቆማል፤ ግን የሚጮኸውን ዝቅ ያደርጋል እንጂ የሚያንሰውን አያነሳም።

አሁን ሒሳቡን በሁለት ማስተር (ለአድማጭ በሚወጣ የመጨረሻ ቅጂ) እንየው። ያው ዘፈን፣ ያው ሚክስ ነው። አንደኛው ተገፍቶ -8 ላፍስ ደርሷል፤ ሁለተኛው -13 ላይ ቆሟል። የሁለቱም ጫፍ -1 ነው። ዩቲዩብ ሁለቱንም ወደ -14 ያወርዳል። አንደኛው 6 ዴሲቤል ይወርዳል፤ የከበሮው ጫፍ -7 ላይ ይወድቃል። ሁለተኛው አንድ ዴሲቤል ብቻ ነው የሚወርደው፤ ጫፉ -2 ላይ ይቀራል። አማካያቸው አሁን እኩል ነው። የሁለተኛው ከበሮ ግን ከአንደኛው በ5 ዴሲቤል ከፍ ብሎ ይመታል። ጮክ እንዲል የተገፋው ዘፈን ከጎኑ ሲሰማ የታፈነ፣ የደከመ ይመስላል። "አሁንም ያንሳል እኮ" ማለት ይሄ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሮጣል። "ማስተር -14 መሆን አለበት" የሚል አዲስ እምነት አለ። የቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንደ ጾም ሕግ ነው የሚሰበከው። እኔ አልቀበለውም። -14 የማጫወቻው ቁጥር ነው፤ የእናንተ ዘፈን ቁጥር አይደለም። -9 ላይ ደስ የሚል ሙዚቃ አለ። አቀናባሪው ከመጀመሪያው ጥቅጥቅ አድርጎ የሠራው ነው፤ ቢወርድም አይጎዳም። -14 ላይም የማይረባ ሙዚቃ ሞልቷል።

ደግሞ የእኛ ሰው ዘፈን የሚሰማው ስፖቲፋይ ላይ ብቻ አይደለም። ሚኒባሱ ውስጥ ሾፌሩ ፍላሽ ሰክቷል። ፍላሹ ላይ 300 ዘፈን አለ፤ ከአሥር ቦታ የተለቃቀመ። እዚያ ማንም ዝቅ የሚያደርግ የለም። በቴሌግራም ከሰው ሰው የሚላከው ፋይልም እንደተሠራ ነው የሚጫወተው። ሠርግ ላይ ዲጄው ፌደሩን (የድምፅ መጨመሪያና መቀነሻውን) በእጁ ካላነሳ ያንተ ያልተገፋ ዘፈን ከቀደመው በ6 ዴሲቤል ሊያንስ ይችላል፤ ዳንሱም ይቀዘቅዛል። ይህን ለውጭ አገር መምህራን ብትነግሯቸው "ጊዜው አልፎበታል" ይሏችኋል። እኛ ጋ አላለፈበትም። ስለዚህ "ጨምርልኝ" የሚለው ዘፋኝ ሞኝ አይደለም። ገበያውን ያውቃል። ያልነገርነው ነገር ቢኖር፣ ለፍላሹ የምናተርፈውን ዩቲዩብ ላይ እንደምንከፍለው ነው።

እኔ አሁን የማደርገው መሃል ላይ መቆም ነው። ሊሚተሩን እየገፋሁ የስኔሩን (የቀጭኑን ከበሮ) ድምፅ አዳምጣለሁ። "ጣ!" ማለቱን ትቶ "ጥብ" ማለት ሲጀምር አንድ ዴሲቤል ተኩል እመልሳለሁ። ችክችካ ከሆነ ብዙ ጊዜ -9 ወይም -10 ላይ እገኛለሁ። ትዝታ ከሆነ ከዚያ በታች። ቁጥሩን የማየው ከዚያ በኋላ ነው።

ትዝታና ችክችካ

ትዝታን ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ሜትር የሚያሳስተው እዚህ ጋ ነው። በትዝታ ዘፈን ውስጥ ክራር አለ፣ ድምፃዊ አለ፣ ምናልባት አንድ ዋሽንት። ችክችካ ውስጥ ኪክ (ወፍራሙ ከበሮ)፣ ባስ፣ ከበሮ፣ ጭብጨባ፣ ሁለት ኪቦርድ፣ ተቀባዮች፣ ከዚያ ድምፃዊ። ሁለቱንም -14 ብታደርጉ በትዝታው የድምፃዊዋ ድምፅ አጠገባችሁ መጥቶ ይጮሃል። ያ ሁሉ -14 የእሷ ነው፤ የሚጋራት የለም። ችክችካው ውስጥ ያለችው ድምፃዊ ደግሞ ከአሥር ነገር ጋር ተካፍላ የደረሳት ትንሽ ነው። ሜትሩ እኩል ናቸው ይላል። ሰው ደግሞ ከሁሉም በፊት የሚሰማው ድምፃዊውን ነው።

ለዚህ ነው አልበም ስሠራ ዘፈኖቹን በቁጥር የማላስተካክለው። ድምፃዊው ከዘፈን ወደ ዘፈን ሲሄድ እዚያው ቦታ የቆመ እንዲመስል ነው የማደርገው። ስፖቲፋይም አልበም ተከፍቶ በተርታ ሲሰማ አልበሙን በሙሉ እንደ አንድ ነገር ይለካዋል፤ ቀዝቃዛውን ዘፈን ነጥሎ አያነሳውም። ያው ትዝታ ነጠላ ሆኖ ፕሌይሊስት ውስጥ ሲገባ ግን ለብቻው ይለካል።

ሌላው የሜትሩ ዕውር ቦታ ስልክ ነው። ባስን አስታውሱ። ጆሮ ባስ ላይ በተለይ ድምፁ ዝቅ ሲል ደንቆሮ ነው። ሜትሩ ግን ባሱን የሚቀንሰው በጥቂቱ ብቻ ነው፤ 100 ሄርትዝ ላይ አንድ ዴሲቤል ገደማ ቢሆን ነው። እናንተ በስንት ቮሊውም፣ በምን ስፒከር እንደምትሰሙ አያውቅም። እንግዲህ ኪኩና ባሱ ከባድ የሆነ ዘፈን -14 ላይ ሲቀመጥ ከዚያ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የወሰደው ባሱ ነው። ሜትሩ ባሱን ቆጥሮ አስከፈላችሁ፤ ስልኩ ግን አላሰማውም። በስልክ ስፒከር ያ ዘፈን ቀጭንና ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ከጎኑ ያለው ባስ የሌለው ዘፈን ይበልጠዋል። አድማጩ አብዛኛውን ጊዜ በስልክ በሚሰማበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

መፍትሔውን ሳስብ የምሄደው ወደ እንዚራዋ ነው። ባስ ጊታሩ ላይ ትንሽ ሳቹሬሽን (ድምፁን ሆን ብሎ ማሻከር) ሲደረግ ላይኛው ሰፈር ላይ ሻካራ ነገር ይወለዳል። ባሱ ራሱ አልጨመረም። ስልኩ ግን ያን ሻካራውን ያሰማል፤ አእምሮ የጎደለውን ይሞላል። አባቶች በቁራጭ ቆዳ የሠሩትን እኛ በፕለጊን፣ በኮምፒውተር ፕሮግራም፣ እየሠራን ነው።

ስለ ጫፍም አንድ መስመር። ዲጂታል ድምፅ ነጥብ በነጥብ ነው የሚቀመጠው። ነጥቦቹን የሚያያይዘው መስመር ሲሠራ ከነጥቦቹ በላይ ሊወጣ ይችላል፤ ወደ ኤምፒ3 እና መሰል ፎርማት ሲቀየር ደግሞ ይብሳል። ትሩ ፒክ የሚባለው ሜትር ይህን ነው የሚያየው። ስፖቲፋይ ጫፉ ከ-1 እንዳያልፍ፣ ማስተሩ ከ-14 የሚጮህ ከሆነ ደግሞ ከ-2 እንዳያልፍ ይመክራል። ጣሪያውን -0.1 ላይ አድርጋችሁ የምታወጡ ልጆች፣ ያ የምትሰሙት መሰነጣጠቅ የስልኩ ጥፋት ላይሆን ይችላል።

ሜትሩን ለማግኘት ገንዘብ አይጠይቅም። ዩሊን የሚባለው በነፃ ይወርዳል። ሦስት ቁጥር ያሳያችኋል፤ የ400 ሚሊሰከንዱን፣ የ3 ሰከንዱንና የዘፈኑን በሙሉ። ሚክስ ስታደርጉ የ3 ሰከንዷን ተመልከቱ። አዝማቹ ከግጥሙ ምን ያህል እንደሚነሳ የምትናገረው እሷ ናት። አዝማቹ ካልተነሳ ሊሚተር አያነሳውም።

ዘፋኙ ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ዘፈን ይዞ መጣ። ያው ሶፋ፣ ያው ስልክ። "ይሄን እንዲመስልልኝ ነው የምፈልገው" ብሎ የሰው ዘፈን ላከልኝ። ፋይሉን አስገብቼ ለካሁት፤ -7.5። የኛ ሚክስ -15 ነው። የሰውየውን ዘፈን በሰባት ዴሲቤል ተኩል አወረድኩትና አንዱን ከአንዱ እያቀያየርኩ አሰማሁት። የትኛው የማን እንደሆነ አልነገርኩትም።

ዝም ብሎ አዳመጠ። እንደገና አለኝ። ደገምኩለት። አሁን "ያንሳል" የሚል ነገር አላነሳም። ወደ ስፒከሩ ጠጋ አለና፣

"የነሱ ከበሮ የት ሄደ?" አለኝ።

ሊሚተሩን አሳየሁት። ትንሽ አሰበና ሶፋው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

"እንግዲያውስ የኛን ድምፃዊ ትንሽ አምጣልኝ" አለ። "ድምፃዊውን ብቻ።"